ሦስት ሚስኮል

ጋሽ መነጽር ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤቱ ሰው ሁሉ ቀድመው ይነሳሉ። የሚቀድሙት ሰው ኖሮ አይደለም፤ በሁለቱ ክፍል ውስጥ የሚኖሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ አልጋው በአንድ ወገን ብቻ ነው የሚረበሸው። ከመደርደሪያው አንድ ኩባያ ይወርዳል፣ አንድ ኩባያ ታጥቦ ይመለሳል። ዓርብ ማታ ሹራባቸውንና ወፍራም ካልሲያቸውን ወንበር ላይ አዘጋጅተው ስለሚያድሩ ጠዋት የሚፈልጉት ነገር የለም። ቢሆንም በጊዜ ይነሳሉ፣ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፣ መስኮቱን ከፍተው ሰማዩን ያያሉ፣ ይዘጋሉ፣ ትንሽ ቆይተው ደግሞ ይከፍታሉ።

ጋሽ መነጽር የተባሉት ዕድሜ ልካቸውን የሰው መነጽር ሲሠሩና ሲያስተካክሉ ስለኖሩ ነው። ስሙን ያወጡላቸው ቅዳሜ የሚሄዱበት ክበብ ሰዎች ናቸው፤ እሳቸውም ወደውታል። ጡረታ ከወጡ በኋላ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚያነጋግራቸው ሰው ቢኖር ዳቦ ሻጯ ናት፤ እሷም ብትሆን "ስንት ልስጥዎ?" ከማለት አታልፍም። ሳምንቱ እንዲህ አፍ ሳይከፈትበት ያልፍና ቅዳሜ ሲመጣ ሰውየው ሰው ሰው መሽተት ይጀምራሉ።

ቅዳሜ የሚሄዱት ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የግላይደር ክበብ ነው። ግላይደር ሞተር የሌለው አውሮፕላን ነው። ከሜዳው ጫፍ የቆመ መጎተቻ ሞተር በረጅም ገመድ እየሳበ ወደ ላይ ይልከዋል፤ ከፍታ ሲይዝ አብራሪው ገመዱን ይለቅቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚይዘውም የሚጥለውም አየሩ ነው። ከሩቅ ለሚያየው የብቸኛ ሰው ጨዋታ ይመስላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። አንዱ ክንፍ ደግፎ ይሮጣል፣ አንዱ ምልክት ይሰጣል፣ አንዱ መጎተቻውን ይነዳል፣ የወረደውንም እየገፉ ወደ ቦታው የሚመልሱት ብዙ ሰዎች ናቸው። ጋሽ መነጽር ከመብረሩ ይልቅ ይህን መገፋፋትና መጯጯህ ሳይወዱት አልቀሩም።

ሚስታቸው በሕይወት ሳሉ፣ ከአየር ሲወርዱ መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር ቤት መደወል ነበር። "ወርጃለሁ" ይላሉ። ሴትዮዋም "እፎይ፣ አሁን እህል ሊበላልኝ ነው" ይላሉ። ሚስታቸው ሲያልፉ ስልኩ ወደ አንድያ ልጃቸው ዞረ። ልጁ መሐል ከተማ ባለ መድኃኒት ቤት ውስጥ የሚሠራ ፋርማሲስት ነው። በመጀመሪያ ሰሞን ስልኩን ያነሳ ነበር። አባትም ገና ከአውሮፕላኑ ሳይርቁ ያዩትን ሁሉ ይዘረግፉለታል። "ዛሬ አንድ ጭልፊት አብሮኝ ሲዞር ነበር። አንገቱን ዞር አድርጎ አየኝ ብልህ ታምናለህ?" ይሉታል። እሱም በአንድ ጆሮው እየሰማ፣ በሌላው ደንበኛ እያስተናገደ "እህ... እሺ አባዬ... እህ" ሲል ይቆያል።

አንድ ቅዳሜ ግን መላ መታ።

"አባዬ፣ ቅዳሜ እኮ እዚህ ሰው እንደ ጉድ ነው የሚሰለፈው" አላቸው። "ለምን እንዲህ አናደርግም? ስትወርድ ሚስኮል አድርግልኝ። ሚስኮሉን ሳይ በሰላም መውረድህን አውቃለሁ። ማውራት አያስፈልግም።"

"እሺ የኔ ልጅ። ሥራህን ሥራ" አሉ አባት።

ጭልፊቱም፣ ደመናውም፣ ከላይ ሲታይ ክብሪት የሚያክለው ባቡርም በዚያው ቀሩ።

እዚህ ላይ ልጁን ክፉ እንዳትሉብኝ። አባቱ ሲታመሙ ሐኪም ቤት የሚወስዳቸው እሱ ነው። ቧንቧ ሲፈስባቸው መፍቻ ይዞ ይመጣል። ይህን የሚስኮል መላም እሱ ብቻ አልፈጠረውም። ከእናንተ መካከል እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "እኔ የለሁበትም" የሚል ካለ ይምጣና ልጨብጠው። የናታችንን ስም ስልኩ ላይ እያየን "በኋላ" ብለን ኪሳችን የከተትን ስንቶቻችን ነን? ሚስኮል ለቸኮለ ሰው ጥሩ ፈጠራ ነው። ክፋቱ ድምፅ የለውም። ደስ ብሎት የደወለም፣ ጭንቅ ውስጥ ሆኖ የደወለም ስልካችን ላይ አንድ ዓይነት ሆነው ነው የሚታዩት።

ነገሩ የደረሰው ንፋስ በበረታበት አንድ ቅዳሜ ነው። ጋሽ መነጽር ክበቡ ሲደርሱ ሜዳው ዳር የተሰቀለው፣ የንፋሱን አቅጣጫ የሚያሳየው የጨርቅ ከረጢት ተወጥሮ ቀጥ ብሏል። የግላይደሮቹ ማደሪያ የሆነው የሃንጋሩ ቆርቆሮ ይንኳኳል። ንፋሱ ለጀማሪ የሚከለከል፣ ለነባር አብራሪ ግን ገና የሚፈቀድ ነበር። መጎተቻውን ሞተር የምትነዳው ሴት፣ ሁሉም ሰው ባለገመዷ እያለ የሚጠራት፣ እጇን ኪሷ ከትታ ሰማዩን ስታይ ቆየችና ወደ ሽማግሌው መጣች።

"ጋሽዬ፣ የዛሬውን ይተዉት። ንፋሱ አላማረኝም" አለቻቸው።

"ትቼውስ?"

"ቤትዎ ገብተው ያርፋሉ።"

"ከሰኞ ጀምሮ ሳርፍ ነው የከረምኩት። ከዚህ በላይ ካረፍኩማ ቀባሪ ጥሩልኝ።"

በዙሪያቸው የነበሩት ሳቁ። ባለገመዷም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ፊቷ ላይ አልቆየም።

"እንግዲያው አንድ ዙር ብቻ። ከኮረብታው ወዲያ እንዳያልፉ፣ አደራ" አለች።

ጋሽ መነጽር ፓራሹታቸውን ታጠቁ፣ ጠባቡ መቀመጫ ውስጥ ገቡ፣ የመስታወቱን ክዳን ዘጉ። ገመዱ ተወጠረ፤ ግላይደሩ ሳሩ ላይ ጥቂት ተንገራገጨና ተነሳ። ላይ ሲደርሱ ገመዱን ለቀቁ። ከታች የሰው ድምፅ ጠፋ። የሚሰማው ክንፉን እየዳሰሰ የሚያልፈው የንፋስ ፉጨት ብቻ ነበር። ከተማዋ በስተግራ ተዘርግታ ትታያለች። ልጃቸው የሚሠራበትን መንገድ ፈለጉ፤ አገኙት መሰላቸው። ሰው ግን ከዚያ ከፍታ አይለይም፤ ጣሪያ ብቻ ነው።

ንፋሱ በድንገት ጨመረ። ጋሽ መነጽር የግላይደሩን አፍንጫ ወደ ሜዳው ቢያዞሩም መሬቱ ከሥራቸው አልሄድ አለ። የፍጥነት መለኪያው እየበረሩ እንደሆነ ይናገራል፤ ከታች ያለው የጡብ ፋብሪካ ጭስ ማውጫ ግን እዚያው ቆሟል። ይባስ ብሎ ወደ ኋላ እየገፋቸው ከኮረብታው አሳለፋቸው። ሬዲዮውን ከፍተው ተጣሩ። ኮረብታው መሐል ገብቷልና የመለሰላቸው ጩኸት ብቻ ነው።

ሽማግሌው ግትር አይደሉም። መመለስ እንደማይሆን ሲያውቁ ከጡብ ፋብሪካው ጎን ያለውን ሰፊ ማሳ መረጡ። ያን ማሳ ያውቁታል። ልጃቸው ጎረምሳ ሳለ፣ ንፋስ እዚያ በጣላቸው ቁጥር ከናቱ ጋር በመኪና እየመጣ የሚያነሳቸው እሱ ነበር። አፈሩ ላይ ቁጭ ብለው ዳቦ ይበሉና ግላይደሩን ፈታተው ተጎታች ላይ ይጭኑታል። ልጁ ክንፉን በትከሻው ተሸክሞ "አባዬ፣ ሁለተኛ ወፍ ልሁን ብትል የለሁበትም" እያለ ያስቃቸው ነበር።

አስተራረፋቸው ያማረ ነበር። ክፉው የመጣው ካረፉ በኋላ ነው። ቀላል አውሮፕላን የሚይዘው ሰው ከሌለ በንፋስ ውስጥ አይቆምም፤ አንድ ሰው ክንፉን ካልተጫነው ንፋሱ ገልብጦ ይጥለዋል። በክበቡ ሜዳ ቢሆን ኖሮ ይህንን የሚይዝ እጅ ሞልቷል። እዚህ ግን ከጋሽ መነጽር በቀር ማንም የለም። ክዳኑን ከፍተው ወረዱና ወደ ክንፉ ጫፍ ሮጡ። ሳይደርሱበት ኃይለኛ ንፋስ ግላይደሩን አሽከርክሮ አነሳውና ክንፉ ጉልበታቸው ላይ መታቸው። ሲወድቁ አጥንታቸው ሲሰበር ሰሙት።

ስልካቸው ኪሳቸው ውስጥ ነበር። መጀመሪያ የደወሉት ለክበቡ ነው። የክበቡ ስልክ ባዶ ክፍል ውስጥ ጠራ፣ ጠራ፣ ዝም አለ። በዚያች ሰዓት ሰው ሁሉ ውጭ ነበር፤ የቀሩትን ግላይደሮች ወደ ሃንጋሩ እየገፋ፣ ያልገቡትን በገመድ እያሰረ ከንፋሱ ጋር ይታገላል። የባለገመዷን ቁጥር በቃላቸው አያውቁትም፤ ስልካቸው ውስጥም አልነበረም። የሚያውቁት የልጃቸውን ነው።

መድኃኒት ቤቱ እንደ ቅዳሜ ወጉ ሰው ሞልቶበታል። ፋርማሲስቱ ዓይናቸው የደከመ አንድ አዛውንት ፊት ቆሞ የዓይን ጠብታ አጠቃቀም እያስረዳ ነበር። ሰውዬው ይረሳሉ፣ እሱ ይደግምላቸዋል፤ አሁንም ይረሳሉ፣ አሁንም ይደግምላቸዋል። "ቤትዎ የሚያደርግልዎ ሰው አለ?" ብሎ ጠየቃቸው። "እጅዎ ከተንቀጠቀጠ ብቻዎን አይሞክሩት።" እንዲህ ያለ ትዕግሥት ስላለው ነው ደንበኞቹ እሱ ጋ ለመድረስ ተራቸውን ለሌላ የሚለቁት። በዚህ መሐል ስልኩ ባንኮኒው ላይ ተንቀጠቀጠ።

ገንዘብ ተቀባይዋ አየችው። "አባትህ ናቸው" አለችው።

"አዎ። ወርጃለሁ ማለቱ ነው።"

"አታነሳላቸውም?"

"ሚስኮል ነው። ተነጋግረን የጨረስነው ነገር ነው።"

ልጅቷ ስልኩን አየችው። "ሚስኮል እንዲህ ረጅም ይጠራል እንዴ?"

"ሽማግሌ አይደል? መዝጋቱን ረስቶት ነው" አለና ወደ ዓይን ጠብታው ተመለሰ።

ጥቂት ቆይቶ ስልኩ ደግሞ ጠራ። ቀና ብሎ አየው፣ ፈገግ አለ። ከዚያም በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠራ ፈገግታው ጠፋ።

"ይኸውልሽ፣ እርጅና ማለት ይሄ ነው። መደወሉን እየረሳ ይደጋግማል" አለ።

"ከረሱስ እሱም አያሳስብም?" አለች ልጅቷ። "አንዴ ‘አለሁ' ብትላቸው ምን ይጎድልሃል? ሰውም ትንሽ ይጠብቃል፤ ደንበኞቹን እኔ አነጋግርልሃለሁ።"

"ከጀመረ አያቆምም። ስለ ጭልፊት ሊያወራኝ ነው" አለ። ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከተተና ዘጋው።

በክበቡ ሜዳ ሥራው ቀለል ሲል ባለገመዷ ሰማዩን ማየት ጀመረች። ጋሽ መነጽር የሉም። ወደ ኮረብታው አቅጣጫ በሬዲዮ ተጣራች፤ መልስ የለም። ጓደኞቿ መኪና ይዘው ለመፈለግ ተሰናዱ። ከዚያ በፊት ግን የጋሽ መነጽር ስልክ እንቢ ሲላት የልጁን ቁጥር ከክበቡ መዝገብ ፈልጋ ደወለች። እሱም መሳቢያው ውስጥ ሲጠራ አውጥቶ አየው፤ የማያውቀው ቁጥር ስለሆነ ቶሎ አነሳው። ይህንን ነገር ሳስብ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

"አባትህ ደውለውልሃል እንዴ?" አለችው።

"አዎ፣ ቅድም ደውሏል። ደህና ወርዷል" አላት፣ እየቸኮለ።

"እፎይ! ልባችን ተንጠልጥሎ ነበር። አንተ ታነሳቸዋለህ ማለት ነው?"

"ማታ እደውልለታለሁ፣ አመሰግናለሁ" ብሎ ዘጋው። የጠየቀችውን በደንብ አልሰማም።

ባለገመዷም "ልጃቸው አነጋግሯቸዋል፣ ከውጭ ማሳ ላይ አርፈዋል፣ እሱ ነው የሚያነሳቸው" ብላ ለሌሎቹ ነገረች። እንዲህ ባለ ንፋስ ግላይደሩን አስረው ትተው ሰውየውን ብቻ ማምጣት፣ አውሮፕላኑን በነጋታው መጫን የተለመደ ነው። ስለዚህ ማንም አልተጠራጠረም። መኪናቸውን አስነስተው የነበሩት አጠፉ። ሊፈልጓቸው የተነሱትን ሰዎች ወደ ቤታቸው የመለሳቸው የገዛ ልጃቸው ቃል ነው። ልጁ ልዋሽ ብሎ አልዋሸም፤ ያልሰማውን እንደሰማ አድርጎ ተናገረ እንጂ።

ዝናብ መጣል ጀመረ። ጋሽ መነጽር በክርናቸው እየዳሁ ከግላይደሩ ሥር ተጠጉ። ንፋሱ እሱንም አልተወላቸው፤ አንስቶ በጀርባው ገለበጠውና አንዱ ክንፍ ለሁለት ተሰበረ። ያኔ ፓራሹታቸውን ፈቱና ጨርቁን ጎትተው አውጥተው ተጠቀለሉበት። ከሩቅ መንገድ ላይ መኪና ሲያልፍ እጃቸውን ያነሳሉ። በዝናብ መሐል አፈር ላይ የወደቀ ሽማግሌ ማን ያያል? ጥርሳቸው መንቀጫቀጭ ጀመረ። ሲቆይ ደግሞ መንቀጫቀጩን ተወ፤ ይህ ከመጀመሪያው የባሰ ምልክት ነበር።

ባለገመዷ ለመሄድ ተነስታ መጎተቻውን ሞተር በሸራ ስትሸፍን አንድ ነገር ትዝ አላት። ነገ ተጎታቹን ይዘው የሚሄዱት ወዴት ነው? እንደገና ደወለች። ፋርማሲስቱ ጋዋኑን አውልቆ ሊወጣ ሲል ነበር።

"ይቅርታ አስቸገርኩህ። በየትኛው ማሳ ላይ ነው ያረፉት? ነገ ግላይደሩን እንድናመጣ ነው።"

"ምን ማሳ? ክበቡ ነው እንጂ የወረደው።"

"ክበቡማ አልመጡም። ቅድም አነጋግሬያቸዋለሁ አላልከኝም?"

ልጁ ያወለቀውን ጋዋን እንደያዘ ቀረ።

"ሃሎ? አነጋግረሃቸዋል አይደል?"

"አላነጋገርኩትም" አለ። ድምፁ የሱ አይመስልም። "ሚስኮል ነው ያየሁት።"

ባለገመዷ ሸራውን ለቀቀችው። ከዚያ በኋላ የተነጋገሩት ነገር ጥቂት ነው። ልጁ ስልኩ ላይ የአባቱን ሦስት ጥሪዎች አየ። መልሶ ደወለ። የአባቱ ስልክ ጥሪ አይቀበልም ነበር። ገንዘብ ተቀባይዋ ፊቱን አይታ ጃኬቱን አቀበለችው። ሮጦ መኪናው ውስጥ ገባ። ከክበቡ በር ላይ ባለገመዷ በራሷ መኪና ቆማ ጠበቀችው።

"ወዴት ነው የምንሄደው? ማሳው ብዙ ነው" አለችው።

ለመመለስ ጊዜ አልፈጀበትም። "የጡብ ፋብሪካው ጋ" አለ። "ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚያርፈው።"

ያውቅ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ስልኩን አንስቶ፣ የአባቱን ትንፋሽ ብቻ ሰምቶ ቢሆን ኖሮ፣ ቦታው ሳይነገረው እየበረረ ይሄድ ነበር። አጭሩ መንገድ ተዘግቶ ስለነበር በረጅሙ ዞረው ሲደርሱ ለዓይን ያዝ ማድረግ ጀምሯል። መጀመሪያ ያዩት በጭቃው መሐል የሚርገበገበውን ነጭ ጨርቅ ነው። ልጁ ከመኪናው ዘሎ ወርዶ ሮጠ፣ ወደቀ፣ ተነሳ። ጨርቁን ገለጠው። የአባቱ ከንፈር ጠቁሯል፤ ዓይናቸው ግን ክፍት ነው። ትክ ብለው አዩት። ለመናገር ሞክረው አቃታቸው፤ ደግመው ሞከሩ።

"መኪናዋን... ከጭቃው ራቅ አድርገህ ነው ያቆምካት?" አሉት።

ጋሽ መነጽር አልሞቱም። ብዙ ሳምንት ሐኪም ቤት ተኙ፣ ሳንባቸውን ብርድ መታቸው፣ ዳኑ። ጉልበታቸው ግን መታጠፍ እንቢ አለ። ግላይደር መሪው በእጅም በእግርም ነው፤ ፔዳሉን መርገጥ የማይችል ሰው አይበርም። ሐኪሙ ይህን ሲነግራቸው "ደግ" ብቻ ነው ያሉት። የክበቡ ሰዎች እየመጡ ጠየቋቸው፤ "መጥተው ቁጭ ብለው ይዩን" ብለው ለመኗቸው። አንድ ቀን ሄዱ። ሌላው ሲነሳ ከታች ሆነው አዩ፤ ከዚያ ወዲያ አልሄዱም። አሁን ዓርብ ማታ ወንበሩ ላይ የሚዘጋጅ ሹራብ የለም። ቅዳሜም እንደ ሰኞ ሆነባቸው።

ይህን ታሪክ ያጫወተኝ ልጁ ራሱ ነው፤ ሳይደባብቅ፣ ለሌላው ይጠቅም ከሆነ ጻፈው ብሎ። ስለዚህ የሚሰማኝን ልናገር። እኛ ቤተ ዘመድን በምልክት መያዝ ለምደናል። "ደውሏል፣ አለ ማለት ነው" እንላለን። "ኦንላይን ናት፣ ደህና ናት ማለት ነው" እንላለን። ብቻውን የሚኖር ሰው ሲደውል ብዙ ጊዜ የሚነግረን ቁም ነገር የለውም፤ ጭልፊት ነው፣ ደመና ነው፣ የጎረቤት ድመት ነው። እሱን የማንሰማ ከሆነ ቁም ነገሩ የመጣ ቀን በምን እናውቀዋለን? ሥራ ይዟችሁ እንደሆነ አንሱና "ሥራ ይዤ ነው፣ ደህና ነህ?" በሉ። ይህን ለማለት የሚፈጀው ጊዜ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከመክተት አይበልጥም። መልሱን ደግሞ ከራሱ ከሰውየው አፍ ስሙ።

ልጁ ዛሬ የቅዳሜ ሥራውን ለሌላ ለቋል። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቱ ቤት ይሄዳል። መጀመሪያ ሰሞን ነገሩ ቀላል አልነበረም። ለዓመታት በሚስኮል ሲነጋገሩ የኖሩ አባትና ልጅ ፊት ለፊት ሲቀመጡ ወሬ ከየት ያመጣሉ? "መድኃኒትህን ዋጥክ?" ይላል። "ዋጥኩ" ይላሉ። "አይበርድህም?" ይላል። "አይበርደኝም" ይላሉ። ከዚያ ሁለቱም መስኮቱን ያያሉ። ልጁ አንድ ጥያቄ ሆዱ ውስጥ ነበረበት፤ መልሱን እየፈራ ብዙ ቅዳሜ አሳለፈ። በመጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ውጭ ንፋስ ሲነፍስ፣ ጠየቃቸው።

"አባዬ፣ ያን ቀን..."

"የቱን ቀን?" አሉ፣ የቱን እንደሆነ እያወቁ።

"ሦስት ጊዜ ደወልክልኝ። ባነሳው ኖሮ ምን ልትለኝ ነበር?"

ሽማግሌው አገጫቸውን እያሹ አሰቡ።

"የመጀመሪያውማ እግሬ ተሰብሯል ልልህ ነው። አላነሳህም። አንድ ሲሆን ወርጃለሁ ነው የተባባልነው፤ ስደግመው ችግር እንዳለ ይገባዋል አልኩና ደገምኩት። አሁንም አላነሳህም። ያኔ ልቤ አረፈ።"

"አረፈ? ለምን?"

"እየነዳህ ነዋ። አንተ መኪና ስትነዳ ስልክ አታነሳም። ገብቶታል፣ ወደኔ እየመጣ ነው አልኩ። ማሳውን ታውቀዋለህ።"

ልጁ ወንበሩን አስጠጋ። "ሦስተኛውስ?"

"እሱማ ለሌላ ነው። በአጭሩ መንገድ ዳር ያሉትን ዛፎች ንፋሱ ሲጥላቸው አየሁ። አንዱ አስፋልቱን ዘግቶ ተጋደመ። ቸኩለህ በዚያ መጥተህ እንዳትጋጭ፣ በረጅሙ ዙር ልልህ ነበር። ሳልነግርህ ባትሪዬ አለቀ። ከዚያ በኋላ እስክትመጣ ድረስ እግሬንም ረሳሁት፤ የፈራሁት ላንተ ነው።"

ልጁ ከወንበሩ ወርዶ አባቱ እግር ሥር ተቀመጠና እጃቸውን ያዘ።

"አባዬ፣ እየነዳሁ አልነበረም" አላቸው። "ሦስቱንም ጊዜ አይቼዋለሁ። መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።"

ጋሽ መነጽር ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። መስኮቱን ንፋሱ ሲያንኳኳው ይሰማል።

"ይህንንስ ባትነግረኝ ይሻለኝ ነበር" አሉ በመጨረሻ። እጁን ግን አልለቀቁትም።